የቦምቤ ሰማይና የጎረቤት ዓይን

ለእረፍቴ ወላይታ እንደምሄድ በክሊኒካችን ስናገር መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ማን አለሽ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «ታዲያ ምን ልትሠሪ?» ተባልኩ። የሌሊት ሰማይ ፎቶ ላነሳ ነው አልኩ። ከዚያ የካርድ ክፍሏ ልጅ «ሰብልዬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማይ ጠፋ?» አለችና ሳቁብኝ። ወንድ አግኝታ ነው ብለው የደመደሙ እንዳሉ አውቃለሁ። ሰማይ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀችኝም አለች።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። ቦምቤን መቼም አያዩዋትም፤ እኔንም አላመኑኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ በማይክሮስኮፕ ወደ ታች አያለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የሰርግ ፎቶ ማንሳት የተወ አንድ ጎረቤቴ አሮጌ ካሜራውን ሸጠልኝ። አንድ ምሽት ከተማው በሙሉ መብራት ሲጠፋበት ወጥቼ ቀና አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማንሳት አላሰኘኝም። ግን የእኛን ከተማ ታውቁታላችሁ። ጉም ሳይኖር ብርዱ አለ፤ ብርዱ ሲለቅ የፋብሪካው መብራት አለ። የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ምሕረት ሶዶ አስተማሪ ናት። በስልክ ሳማርርላት «የአጎቴ ቤት ከቦምቤ ወጣ ብሎ ነው፤ ማታ የገዛ እጅሽን አታዪም» አለችኝ። ከጥምቀት በኋላ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ጠብቄ ተነሳሁ።

ረቡዕ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። አክስቴ ቤት አደርኩ። ካሜራውን ከትራሴ ሥር ሳደርገው አክስቴ አይታ «እኔን ነው የጠረጠርሽው?» አለችኝ። ለነገሩ ማንንም ያልጠረጠርኩበት ሰዓት አልነበረም።

ሐሙስ

በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ አዛውንት ተቀመጡ። ለሕክምና አዲስ አበባ ቆይተው ወደ ሶዶ መመለሳቸው ነው። ዓይናቸውን ከቦርሳዬ ላይ አላነሱም።

«ይሄ ቦርሳ ሕፃን ልጅ ነው እንዴ፣ እንዲህ የምታቅፊው?»

«የላቦራቶሪ ዕቃ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

«የምን?»

«የደም ምርመራ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። አዛውንቱ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ጥቂት ቆይተው ረዳቱን ጠርተው በጆሮው አንሾካሾኩ። ረዳቱ መጣና «እህት፣ ደም በአውቶቡስ አይጫንም» አለኝ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ቦርሳውን ከፍቼ ካሜራውን ማሳየት ግድ ሆነብኝ። በደም ፋንታ ካሜራ ሲያዩ ይቀልላቸዋል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ከኋላ አንዱ «ጋዜጠኛ ናት» አለ፤ ከዚያ እስከ ቡታጅራ ድረስ በዙሪያዬ ፖለቲካም ኑሮም ያወራ ሰው የለም።

ቡታጅራ ለምሳ ቆምን። አዛውንቱ «ሂጂ ታጠቢ፣ ዕቃሽን እኔ አይልሻለሁ» አሉኝ። አመስግኜ ቦርሳውን ይዤ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። ስመለስ «እኔ ሌባ እመስላለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ መልሱን ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ።

ከሆሳዕና በኋላ መሬቱ ተለወጠ። በእኛ አገር ገብስ ከታጨደ በኋላ ሜዳው ገርጥቶ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። እዚህ ጥር ላይም ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፤ አፈሩ ቀይ፣ ቤቱ በእንሰት የተከበበ፣ እንሰቱ ሲያልቅ ወዲያው የሌላ ሰው ቤት። በእኛ አገር ጎረቤትን ለመጥራት መጮኽ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ነው ድምፅ ዝቅ የሚደረገው። ይህን በመስኮት ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ሶዶ መናኸሪያ ስንደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሹራቤን አወለቅኩ። ምሕረት ዘገየች። አዛውንቱ ጓዛቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ አይሄዱም። እኔ ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ፤ እሳቸው ቆሙ። ምሕረት ደርሳ ስታቅፈኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሄዱ። «ማናቸው?» አለችኝ። «እንጃ፣ ሲከታተሉኝ ነበር» አልኳት። ምሕረት ሳቀች። «እስክመጣ እየጠበቁሽ ነው እንጂ! እዚህ በመሸ ጊዜ እንግዳ ብቻውን ትቶ መሄድ ነውር ነው።»

እራት ቁርጥ ከዳጣ ጋር በላን። ዳጣ የእኛን አዋዜ ይመስላል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አረንጓዴ ነው፣ የዋህ ይመስላል፤ ከዚያ እንባዬ ወረደ።

ማታ አልጋ ከያዝኩበት ቤት ጣሪያ ላይ ለልምምድ ወጣሁ። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ ዘርግቼ ወደ ዳሞታ ተራራ አዞርኩት። የኮከብ ፎቶ እንደ ሌላው ፎቶ ቀጭ ተብሎ አያልቅም፤ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ለሃያ ሰከንድ ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። በዚያ መካከል የእጅ ባትሪ ፊቴ ላይ በራ።

«አንተ! ማነህ እዛ?» ዘበኛው ነው፤ ዱላ ይዟል። ቀረብ ብሎ አየኝና «አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ ምንድነው የምታነሺው? ፊት ለፊት ቢሮ ነው፣ አይፈቀድም!» አለ።

«ሰማይ ነው፣ ወንድሜ።»

«አሳዪኝ።»

አሳየሁት። የከተማው መብራት ሁሉ ነጭ እሳት ሆኖ፣ ሰማዩ የብርቱካን ጭማቂ መስሎ፣ ተራራው ቦታው ላይ የለም። ዘበኛው ስልኩን እንደሚያይ ሰው አቅርቦ አየው፣ አራቀው፣ እንደገና አቀረበው።

«ዳሞታን እንኳ አበላሸሽው!» አለ አዝኖ። ከዚያ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «በቃ አንሺ። ሰላይ እንዲህ አያነሳም።»

ዓርብ

ምሕረት የፈተና እርማት ስላለባት አብራኝ አልሄደችም። በአረካ በኩል ወደ ቦምቤ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝና ለአጎቷ ደወለች። ከአረካ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ሆነ። አቧራው እንደ በርበሬ ቀይ ነው፤ ስወርድ ነጩ ነጠላዬ ዳማ ሆኖ ነበር።

አጎቷ አቶ አንጁሎ ከከተማው መውጫ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ረጅም፣ ኮት የለበሱ፣ ለፀሐይ ጃንጥላ የያዙ ሰው። ገበሬ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። «ሳሮ!» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ሰላም ማለት ነው። ቦርሳዬን ሳይጠይቁኝ ወሰዱና በእንሰቱ መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ፈጠን ብለው ሄዱ። ቅጠሉ ከራሴ በላይ ነው፤ ከአንድ ግቢ ወጥተን ወዲያው ሌላ ግቢ እንገባለን። ብቻዬን መመለስ ብፈልግ የምመለስበትን እጥፋት በልቤ እየመዘገብኩ ተከተልኳቸው። ሰውየው ግን ዘወር እያሉ «ደከመሽ፣ ልጄ?» ነበር የሚሉት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ አማርኛ ብዙም አይሞክሩም፤ ግን እጄን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። ጎደሬ ቅቅል በቅቤ፣ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ቀረበ። እኔ በገብስ ያደግኩ ነኝ፤ ጎደሬውን መጀመሪያ እንደ ድንች ነው ያየሁት፤ በኋላ ግን ድንችን የናቅኩት እኔ ነኝ። ከመብላታችን በፊት አቶ አንጁሎ በወላይትኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። በመካከል ስሜን ሰማሁት፤ «ሰብለ» አሉ፣ ትንሽ ቆይተውም ደገሙት። ወይዘሮ ማርታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ስለ እኔ ለእግዚአብሔር ምን ነገሩት?»

አቶ አንጁሎ ሳቁ። «እኛ ያልገባንን ሥራ ሠርታ በሰላም ትመለስ ነው ያልኩት።»

ሲመሽ ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ዳር ወዳለችው የግጦሽ ቦታ ወጣሁ። ግንባሬ ላይ ቀይ መብራት አሰርኩ፤ ነጭ መብራት ዓይንን ከጨለማው ስለሚያጣላ ቀይ ይሻላል ሲባል ሰምቼ ነበር። ቀና አልኩ። ምሕረት አልዋሸችም። ከደብረ ብርሃን ሰማይ ላይ ኮከብ የሚታየኝ ተፈልጎ ነው፤ እዚህ ግን ከኮከቡ መካከል ጨለማውን መፈለግ ያስፈልጋል። ሰባቱ ከዋክብት እንደ ጤዛ ተጠጋግተው አናቴ ላይ ነበሩ፤ ወደ ደቡብ አንድ ብቸኛ ትልቅ ኮከብ ከዛፎቹ ከፍ ብሏል። አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ፤ ካሜራው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ውሾች ጮኹ። አንድ ቦታ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። እኔ ፎቶውን በካሜራው መስኮት ሳየው ጥቁር ነው፤ ጨለማ ስለሆነ ይሆናል፣ ቤት ገብቼ አየዋለሁ ብዬ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ካሜራው ድንገት ጠፋ። «ውይ፣ ባትሪው አለቀ!» ብዬ ለራሴ እየተናደድኩ ገባሁ። ባትሪውንና መሙያውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ስነሳ ባትሪውም መሙያውም የሉም።

መስኮቱን አየሁ፣ ከአልጋው ሥር ገባሁ፣ ቦርሳዬን ገለበጥኩ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ያ ሁሉ የእግር እጥበት፣ ያ ሁሉ ጎደሬ ለዚህ ነበር? እያልኩ ወጣሁ። አቶ አንጁሎ ደጅ ላይ መጥረቢያ ይስላሉ። ወይዘሮ ማርታ የት እንዳሉ ስጠይቃቸው «ገበያ» አሉ። ስለ ባትሪው ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሦስት ሰዎች በግቢው በር ገቡ።

ከፊት ያለው አጠር ያለ፣ ደንዳና፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። አቶ ዳና ይባላል፤ ከግራዋው አጥር ወዲያ ያለው ቤት የእሱ ነው። አልተቀመጠም። መጀመሪያ በወላይትኛ ከአቶ አንጁሎ ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያ እኔም እንድሰማ ወደ አማርኛ ዞረ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ማታ የሚለካ መሬት ምን ዓይነት መሬት ነው?»

«ምን ልኬት?»

«እኔ አይቻለሁ። ባለ ሦስት እግር ነው። ቀይ መብራት አለው። ጢጥ ጢጥ ይላል።»

አቶ አንጁሎ ቀስ ብለው ነገሩን አስረዱኝ። ከዓመታት በፊት መንገድ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ እዚህ ሜዳ ላይ ተክለው ነበር። ሲጠየቁ «ዝም ብለን እያየን ነው» አሉ። በኋላ መንገዱ ሌላ ጋ ወጣ፤ የአቶ ዳና ቡና ግን ከሥሩ ተነቅሎ ቀረ።

«እነሱም እንዳንቺ ጨዋ ነበሩ» አለ አቶ ዳና። «ውሃ ለምነው ጠጥተዋል። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

ሰማይ ነው ያነሳሁት አልኩ። አሳዪን አሉ። ባትሪው የለም አልኩ። ሦስቱም ተያዩ። አቶ ዳና ወደ አቶ አንጁሎ ዞሮ፣ አሁን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «መሬት ሸጠህ ከሆነ ንገረን። ካልነገርከን ነገ ጉባኤ ፊት እናነሳዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሌሊት ቀያሽ አያስገባም» አለ። የአቶ አንጁሎ እጅ መጥረቢያው ላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ሐፍረት ነው። ያኔ ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ እሳቸው እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል ይኖራሉ።

ሰዎቹ አልሄዱም፤ ተቀመጡ። ቆጮ ቀረበላቸው፤ አቶ ዳና አልበላም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ማርታ ጎመን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ከገበያ ገቡ። ወደ እኔ መጥተው ከመቀነታቸው ባትሪውንና መሙያውን አወጡ። ማታ «ባትሪው አለቀ» ስል ሰምተዋል። ቤታቸው ያለው መብራት የፀሐይ ኃይል ስለሆነ ይህን አይሞላም፤ ሳይቀሰቅሱኝ በማለዳ ተነስተው ቦምቤ ወንዶች ፀጉር የሚቆረጡበት ቤት ሰክተውት ጠብቀው መጡ። «ሞልቷል» አሉኝ በአማርኛ፤ ቃሉን መንገድ ላይ ሲለማመዱት የመጡ ይመስለኛል። እንዴት እንዳቀፍኳቸው አልነግራችሁም። ጠዋት ምን እያሰብኩ እንደነበር ደግሞ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ባትሪውን አስገብቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። አቶ ዳና አንገቱን አሰገገ። አንደኛው ጥቁር ነው። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሦስት የደበዘዙ ነጭ ጠብታዎች አሉ፤ የፈሰሰ ወተት ይመስላሉ። ሌላውም ጥቁር።

«ጥቁር ብቻ ነው» አለ አቶ ዳና። «ምን ደበቅሽ?»

«አልደበቅኩም። አልቻልኩበትም።»

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ መጥተሽ አልቻልኩበትም?» እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

አቶ አንጁሎ ተነሱ። «ዳና፣ ዛሬ ማታ ናና ቁመህ እይ። እነዚህም ይምጡ። ሰማይ ካልሆነ ነገ እኔ ራሴ ጉባኤ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

ሰዎቹ ሄዱ። ፎቶ ማንሳት ለራሴ የጀመርኩት ነገር ነበር፤ አሁን የሰው ክብር ተንጠለጠለበት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ካሜራውን ይዤ የት እንደተሳሳትኩ ፈለግኩ። ሌንሱ ቅርብ እንጂ ሩቅ እንዲያይ አላደረግኩትም፤ በዚያ ላይ ጤዛ ለብሶበት ነበር። ከተራራው ጫፍ ያለ አንድ ዛፍ ላይ አነጣጥሬ ጥርት እስኪል ቀለበቱን አዞርኩ፤ ማታ እንዳይነቃነቅ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። እሱን እንኳ ከሥራዬ ነው ያወቅኩት፤ በጉዞዬ ሁሉ ያለ ፕላስተር አልወጣም። ለጤዛው ወይዘሮ ማርታ ንጹሕ ጨርቅ ሰጡኝ።

ሲመሽ መጡ። ሦስት የነበሩት ብዙ ሆነው፣ ሴቶችም ሕፃናት ያዘሉም ተጨምረው፣ በግጦሹ ዳር ተኮልኩለው ቆሙ። አቶ ዳና ከመቆሚያው አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ወደ ሰማይ አያይም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። ካሜራውን ሳዞረው አንድ ነገር አየሁ። የአቶ ዳና ቤት ደጃፍ ላይ ያለው አምፖል በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያበራል። የሶዶው ፎቶ ምን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

«አቶ ዳና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የደጅዎ መብራት ለትንሽ ጊዜ ቢጠፋ?»

አቶ ዳና ያጣጠፈውን እጁን ፈታ።

«መብራቴን?» አለ። «ላሜ በረት ውስጥ ናት። ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው። ጨለማ የሚፈልግ ማነው? ሌባ ነው።»

ጥያቄው ትክክል ነው። አቶ አንጁሎ ግን ወደ ግቢያቸው ገቡ። ሲመለሱ ላማቸውን በገመድ እየጎተቱ ነው። በሁሉም ፊት አልፈው፣ በግራዋው አጥር መግቢያ በኩል ወደ አቶ ዳና ግቢ ይዘዋት ገቡ። ከዚያ ሆነው ጮኸው ተናገሩ፤ አንዷ ሴት ተረጎመችልኝ፦ «ካንተ ላም ጎን አስሬያታለሁ። ያንተ ከጠፋች የኔን ትወስዳለህ። ሁለቱም ከጠፉ አብረን እናለቅሳለን።»

የሆነ ሰው ሳቀ። አቶ ዳና አልሳቀም። ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ ራሱ ሄደ። አምፖሉ ጠፋ። አብሮት፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ወዲያ ማዶ አንድ መብራት ጠፋ፤ ከበላዩ ሌላ። ጨለማው ላያችን ላይ ሲወርድ አንዲት እናት «ኤ!» አለች። ሰዎቹ መንደራቸውን እንዲህ ጨልማ ካዩዋት ቆይተዋል መሰለኝ፤ አሁን ሁሉም ቀና አሉ።

«እባካችሁ አትነቃነቁ» አልኩና ተጫንኩት። ጢጥ፣ ጢጥ። ሃያ ሰከንድ ያን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ተዘጋ። መስኮቱ በራ።

አጠገቤ የአቶ ዳና ትንፋሽ ነበር። ፎቶው ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ የእንሰቱ ቅጠል በንፋስ ተወዛውዞ ጭስ መስሏል። ግን ኮከብ አለው። በዓይናችን ከምናየውም ይበልጣል፤ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ ሰባት ብቻ አይደሉም፤ ጎጆ ሙሉ ናቸው።

አቶ ዳና ግን ጣቱን ከፎቶው በታች ወዳለው ጥቁር ቦታ አደረሰ። «መሬቱ የታለ?»

«ይሄ ጥቁሩ ነው። አይታይም።»

«የኔ ቤትስ?»

«እሱም አይታይም። ጨለማ ነው።»

«የአንጁሎ?»

«የማንም መሬት አይታይም።»

ረጅም ጊዜ አየው። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። «ሰማይ ነው» ብሎ በወላይትኛ ለሰዎቹ ነገራቸው፤ ይህን እንኳ ያለ አስተርጓሚ ተረዳሁት፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ለማየት ተጋፉ። ሲጨናነቁ መቆሚያውን ገፉት፤ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ሁሉ የተፈተለ ክር ሆነው ወጡ። ሦስተኛውን አቶ ዳና «እኔ ልጫን» ብሎ ተጫነ። አጥብቆ ስለተጫነ እሱም ተበላሸ። ከዚያ ሳልጠብቀው «ሌላ የካሜራ ካርድ የለሽም? ሌላ ያነሳሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየሁት። አየና ራሱ ዘጋልኝ። ሊሄድ ሲል አቶ አንጁሎ ላማቸውን ሊፈቱ ተከተሉት፤ ቆይተው ወጡ። አቶ ዳና እራት ሳያበላ አልለቃቸውም፤ ላሟም እዚያው አደረች።

እሑድ

ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ መኪና ለመያዝ ገና ሲነጋ ተነሳሁ። ወይዘሮ ማርታ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ጋላታይስ» ብዬ ለማመስገን ሞከርኩ፤ አነጋገሬን እየደገሙ ሳቁብኝ። ከግቢው ስንወጣ አቶ ዳና የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ጓዝሽን አምጪ።»

ሰጠሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለምን እንደመጣ አላወቅኩም። ሊሸኘኝ ይሆናል፤ በእርግጥ መሄዴን ሊያረጋግጥም ይሆናል። ጓዜን ተሸክሞ ከአቶ አንጁሎና ከእኔ ፊት ፊት ሄደ። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ስልኬን ተቀብሎ ቁጥሩን አስገባበት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄዶ ጣቱን እየቀሰረ በወላይትኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ሳቁን ተወ። የአቶ አንጁሎን እጅ ስሜ ገባሁ።

ትንሽ እንደሄድን አጠገቤ ያለችውን ልጅ «ያ ሰውዬ ለሾፌሩ ምን አለው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንግዳዬ ናት፤ አንድ ነገር ቢጎድልባት ካንተ ነው የምቀበለው አለው።»

ከአንጁሎ እንግዳነት መቼ ወደ ዳና እንግዳነት እንደተሻገርኩ አላውቅም። መስኮቱን ዘግቼ እንባዬን በአቧራው አሳበብኩ።

ሶዶ ስንደርስ ሾፌሩ እኔን ሳያወርድ ሞተሩን አጠፋ። «እህት፣ ደውይለት» አለኝ። «ካልደወልሽለት እኔ ነገ በዚያ መንገድ አላልፍም።»

ደወልኩ። ብዙ ጠራ። አቶ ዳና ሲያነሳው ከጀርባው የመዝሙር ድምፅ ይሰማል፤ ከጉባኤው መካከል ወጥቶ መሆኑ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደረስሽ?» አለኝ።

«ደርሻለሁ፣ አቶ ዳና። በጣም አመሰግናለሁ።»

መዝሙሩ ከፍ ብሎ ወረደ።

«ሾፌሩን ስጪኝ» አለ።